ከሞተሩ በላይ ያስወጣኝ ኤሲ

አባዬ ዛሬ ፔጆዋን አስነስቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መስኮቱን መክፈት ነው። በጅቡቲ ሙቀት! ከሞተሩ በላይ ፍራንክ ያስወጣኝ ኤሲ እየነፈሰ!

መኪናዋ ድሬዳዋ ሲነዳው የኖረው የድሮ ታክሲው አምሳያ ናት። ቆርቆሮዋን እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ቀጥቅጠን ሠራነው፤ ሞተሩና ፍሬኑ ግን የዘመኑ ነው።

ባለቤቴ ፈትያ «በዚህ ፍራንክ ሁለት ደህና መኪና ይገዛ ነበር» እያለች ከርማለች። እውነቷን ነው።

ግን አባዬ ታክሲውን ሸጦ እኛ ጋ ከመጣ ወዲህ ከመስጊድ በቀር የትም አይወጣም ነበር።

ዛሬ እኔን ከጎኑ፣ ፈትያን ከኋላ ጭኖ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ነዳ። ጫት ሻጮቹ ጋ ስንደርስ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንገቱን አውጥቶ የድሬዳዋን ሰፈር እየጠራ እንደ ድሮው ተሳፋሪ ይጣራ ጀመር፤ «ከዚራ! ከዚራ! አንድ ሰው!»

አንዲት ጫት ሻጭ ሳቀችና ብድግ አለች። «አቦ፣ በመጋላ በኩል ነው?» አለች፣ እሷም ሌላ የድሬዳዋ ሰፈር ጠርታ።

«ግቢ!» አላት አባዬ፣ ኮስተር ብሎ።

ከኋላ ወንበር ጠጋ ብላ ቦታ የለቀቀችላት ፈትያ ናት።

ኤሲውን አጠፋሁት።

እናንተስ፣ ለወላጅ ብላችሁ ሰው «አብደሃል» ያላችሁበትን ወጪ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ፤ ፈትያም ታነባለች።