የፈይዛ ዳክዬዎችና የቆዳው ጨው

ፈይዛ ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ሁለተኛ የሰው ቤት ላትጠርግ ምላ ነበር። ከቤቷ በታች ባለችው ኩሬ ዳክዬ ማርባት ስትጀምር ጎረቤቱ ሳቀባት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን እንቁላሉን ፈላጊ በዛ።

ዘንድሮ አረፋ ባለፈ በሳምንቱ ኩሬዋ ሸተተች። መጀመሪያ የሞተ ውሻ መሰላት። ጠጋ ስትል ውሃው ላይ ቡናማ ስብ ሰፍፏል፤ የበግ ጸጉር ዳር ዳሩን ተለጥፏል፤ እንቁራሪቶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ተገልብጠዋል። ጫጩቶቹ አንገታቸውን መሸከም አቅቷቸው ይንገዳገዳሉ፤ ሲጠማቸው መልሰው ያንኑ ይጠጣሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አንዱ ሞቱ። ስታነሳቸው ላባቸው እጇ ላይ ተዝለገለገ። ዘወር ብላ እጇን በአፈር ፈተገች።

በማግስቱ ቦዩን ተከትላ ስትወጣ የቆዳ ነጋዴው የያሲን መጋዘን ጓሮ ደረሰች። የአረፋው ቆዳ በጨው ታሽቶ ተከምሯል፤ ከሥሩ የሚወርደው ፍሳሽ በቦዩ ቁልቁል ይሄዳል።

"ጋሽ ያሲን፣ ይኼን ወደ ኩሬው የለቀቁት እርስዎ ነዎት?"

"ጨው እንጂ መርዝ አይደል። ዳክዬ ባሕር ላይ ይኖር የለ?" አለ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ።

"የባሕሩን ወፍ ጅዳ አይቼዋለሁ። ከዓይኑ በላይ እጢ አለው፤ ጨውን ከደሙ እየለየ በአፍንጫው ያንጠባጥባል። የኔዎቹ በምንጭ ውሃ ያደጉ ናቸው፤ እጢያቸው ትንሽ ነው። የእርስዎን ጨው በምን ያውጡት?"

"ጅዳ ሐኪም ሆነሽ መጣሽ ደግሞ!"

ፈይዛ በቦዩ ቁልቁል ተመለሰች። አርብ ዕለት የኩሬውን ውሃ በባልዲ ቀድታ፣ ሁለት የሞቱ ጫጩቶች ጨምራ፣ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ የያሲን ሱቅ ደጃፍ አስቀመጠችውና "ከጋሽ ያሲን ቆዳ ወደ ኩሬው የሚወርደው ይኸውላችሁ" አለች። የመስጊዱ ኢማም ሼህ አሕመድኑር አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው ጎንበስ አሉ።

"አዑዙ ቢላህ! ያሲን፣ ከብታችንም ከዚህ ነው የሚጠጣው?"

ያሲን ዝናቡን አሳበበ። የሰማው የለም። ሱቁ ውስጥ ከነበረችው ከሚስቱ ከሀዲያ በቀር፤ እሷም "ስንት ጊዜ ነገርኩህ!" ብላ ፊቷን አዞረችበት።

በሦስተኛው ቀን ቦዩ ተደፍኖ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፈረ። ያሲን ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሥጋ ላከ። ፈይዛ ስትከፍተው የቆዳው ሽታ የመጣባት መሰላት፤ ለውሻ ወረወረችው።

ክረምቱ ገብቶ ኩሬዋ ሞልታ እስክትፈስ ድረስ የተረፉትን ስድስት ዳክዬዎች ግቢዋ ውስጥ በሳፋ አጠጣቻቸው። ወደ ኩሬዋ ልትለቃቸው ስትል ውሃውን በጣቷ ነክራ ቀመሰች። ጨው የለውም። ቢሆንም ተፋችው።