ያጠበቀቻት ዳዶ

ያን ቀን ጠዋት የነፈሰው ነፋስ ሰው የሚገፋ ዓይነት ነበር። ዝናብ የለም፣ ብርድ የለም፤ ነፋስ ብቻ። የተቀዳደደ የሲሚንቶ ከረጢት እያነሳ እስከ ላይኛው ፎቅ ያንሳፍፋል፣ ገና ባልታሰሩት የብረት ቢሞች መካከል እየገባ እንደ ባዶ ጠርሙስ ያፏጫል። ጥብቄ እዚያ ላይ ነበረች፤ ቀበቶዋን ከምሰሶው ጋር አስራ፣ ቢሙን በሁለት እግሯ አቅፋ፣ ረጅሙን መፍቻ ይዛ። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ በሥራ ቦታ ግን እሱን የሚያውቀው የለም። ብሎን የምታጠብቅ ሴት ናት፤ በብሎኑ ጫፍ ላይ እሷ ያጠበቀችውን ዳዶ ደግሞ ሊፈታ የሞከረ ሁሉ እናቱን ይጠራል። ስለዚህ ጥብቄ አሏት፣ ጥብቄ ሆና ቀረች።

መፍቻውን ሳብ ስታደርገው ትከሻዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ክንዷ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ። መፍቻው ከእጇ አምልጦ ታች አሸዋው ክምር ላይ ተሰካ፤ ሰው ላይ ባለመውደቁ ፈጣሪ ይመስገን። ፎርማኑ ወደ ላይ አንጋጦ ሲሳደብ ነፋሱ ስድቡን ወሰደው።

ሐኪሙ የተነሳችውን ራጅ ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አየና፣ "ሥራዎ ምንድን ነው?" አላት። ነገረችው። ሳቀ። ደግማ ስትነግረው መሳቁን ተወ። "ይህ ትከሻ ከእንግዲህ ከሻይ ማንኪያ የከበደ ነገር ባያነሳ ጥሩ ነው" አላት።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥድፊያ የማይለቀው ሰው ነው እንጂ። ከሳምንታት በኋላ ክንዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትመጣ ከቆርቆሮ ቢሮው ወጥቶ በር ላይ ተቀበላት።

"ጥብቄ፣ እውነቱን እንነጋገር። በአንድ እጁ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"በሁለት እጁ የማያጠብቅ ግን በየቀኑ ታያለህ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" ብሎ ሳቀ። "ለዚህ እኮ ነው የምልሽ። አዲሱ ሕንፃ ሲጀመር የብረትና የብሎን ተቆጣጣሪ እፈልጋለሁ። የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለው። ለፈተናው ልምድሽ ይበቃል፣ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ካለፍሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካላለፍሽ ግን..."

ግን የሚለውን አልጨረሰውም። ሄልሜቱን ከጭንቅላቱ አውርዶ ውስጡን ማየት ጀመረ። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር። ካላለፈች ከብረት ሥራ ወጣች ማለት ነው። ሌላ ሙያ የላትም። ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፤ እናቷ ታማ አልጋ ስትይዝ ታናናሾቿን የሚያጥብ ሰው ጠፋ፣ "ለጊዜው ቤት ሁኚ" አሏት። ያ ለጊዜው ይኸው ሽበት አብቅሏል። ከፍታው ላይ ሆና ስትሠራ ግን ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። ለሷ የብረት ሥራ ማለት ይህ ነበር።

የፈተናው መጽሐፍ ጡብ ያህላል። ቤት ይዛው ስትገባ ባሏ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰው ማውረድና መጫን ካቆመ ወዲህ ሥራው ሚስቱን ማረም ሆኗል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልማር ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ካረጁ አይበጁ ሲባል አልሰማሽም?"

"መስማትስ ሰምቼ ነበር፤ የገባኝ ግን አንተ ጡረታ ስትወጣ ነው።"

ልጇ ከጓዳ ሆና በሳቅ ፈነዳች። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ ማታ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ማንም እንዲያናግራት አትፈልግም። ቢሆንም እናቷን አስጠናች። ጥብቄ ንባብ ላይ ቀርፋፋ ናት፤ አንድ መስመር አንብባ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋታል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አበጁ። እሑድ እሑድ ጥብቄ በደህናው እጇ ልብስ ስታሽ፣ ልጅቷ ከጎኗ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጥና ጮክ ብላ ታነባለች።

"ሮንዴላው የሚገባው በየት በኩል ነው?"

ጥብቄ ከሳሙናው አረፋ ውስጥ እጇን አውጥታ ስስ ቀለበቷ የምትገባበትን በአየር ላይ አሳየቻት።

"እማዬ! በአፍሽ ንገሪኝ እንጂ። ፈታኙ እጅ አያነብም።"

"በሚዞረው በኩል ነዋ። ዳዶው የሚዞር ከሆነ ከዳዶው ሥር።"

"ጎበዝ። እሺ፣ ዳዶው ብረቱን ከተጠጋ በኋላ በስንት ዲግሪ ይዞራል?"

"ሲሶ ዙር።"

"ዲግሪ ነው የሚለው። መቶ ሃያ ዲግሪ በይ።"

"ለምን ሲሶ አይሉም?"

"ሲሶ ካሉማ ማን ያከብራቸዋል!"

ባልየው ከውስጥ ሆኖ፣ "ሁለታችሁም አንድ አንድ ብሎን እንደጎደላችሁ አውቃለሁ" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ክረምቱ አለፈ። አንዳንዱ ነገር በትከሻዋና በእጅ አንጓዋ የምታውቀው ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ፣ ካራባት አስሮ ሲመጣ መለየት ያቅታታል። አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አዲስ ነበር። በዝናብ የዋለ ብሎን እንደማይታመን ታውቃለች፤ ለምን እንደማይታመን ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ቅባቱ ታጥቦ ሳይጠብቅ የጠበቀ ስለሚመስል መሆኑ ሲገባት የልጅነት ደስታ ዓይነት ነገር ተሰማት፤ ከዚያ ወዲያው ተናደደች። ይህን ሁሉ ሳይነግሯት ስንት ዓመት አሠሯት።

አንድ ጥያቄ ልጅቷ እያዛጋች ነው ያነበበችው። "ተቆጣጣሪው ያልጠበቀ ብሎን ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ሀ፣ ራሱ ያጠብቀዋል። ለ፣ አይቶ ያልፈዋል። ሐ፣ ሳይነካ መዝግቦ ያሳውቃል።"

"ሐ።"

"ይሄንንማ ሕፃንም ይመልሰዋል" ብላ ገጹን ገለጠች።

የተግባር ፈተናም እንዳለ ያውቃሉ፤ ያሰበበት ግን አልነበረም። "እሱማ ያንቺ ነው" ትላለች ልጇ። አብሯት ለፈተናው የተመዘገበው ሎጋውም እንዲሁ አላት። ሎጋው ሲቀጠር መፍቻ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ቁመቱ መሰላል የማያስፈልገው ሰው ስለሆነ ነው ሎጋው የተባለው። "እትዬ፣ የጽሑፉን እንደምንም እንለፍ እንጂ፣ የተግባሩን ካንቺ ነው የምንኮርጀው" አላት።

የጽሑፉን አለፈች። ለጥቂት ነው፣ ግን አለፈች። ውጤቱ ፈተናውን በሚሰጠው ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስሟን በጣቷ ሁለት ጊዜ ተከተለችው፤ እናቷ ያወጣችላትን፣ ረጅሙን። ቤት ስትገባ ባሏ ተነስቶ ሻይ አፈላ። ከተጋቡ ወዲህ ሻይ አፍልቶ ሲሰጣት የመጀመሪያው ነበር። ስኳር ማድረግ ረስቶታል። እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

የተግባሩ ፈተና የተሰጠው ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነው። መሬት ላይ አንድ አጭር ምሰሶና አንድ ቁራጭ ቢም በብሎን ተያይዘው ቆመዋል። ቁመቱ ከወገቧ አይበልጥም። ብረትን ወደ ታች እያየች ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ የታመመ ዘመድ የምትጠይቅ መሰላት። አንድ በአንድ ነው የሚገባው። ፈታኙ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሰው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ መዶሻ፣ ባትሪ፣ ሜትር፣ መፍቻና ባዶ ወረቀት ተደርድሯል።

"እህቴ፣ መጋጠሚያውን ይመርምሩ። ያዩትን ይጻፉ። ጊዜ አለዎት፣ አይቸኩሉ።"

አልቸኮለችም። አንዱ ዳዶ ሥር ሮንዴላ እንደሌለ አየች፤ ጻፈች። አንዱ ብሎን አጥሮ ጫፉ ከዳዶው አልወጣም፤ ጻፈች። ፊደሏ ጠማማ ቢሆንም ይነበባል። ከዚያ ሦስተኛው ጋ ደረሰች።

ብሎን የሚያጠብቅ ሰው መጀመሪያ ዳዶውን ከብረቱ ጋር እስኪገጥም ያስጠጋዋል። ከዚያ ከብሎኑ ጫፍ ጀምሮ፣ በዳዶው ላይ አልፎ፣ እስከ ብረቱ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያሰምራል። ሲሶውን የሚያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ዳዶው ሲዞር መስመሩ ይሰበራል፤ የተሰበረ መስመር ሥራው ማለቁን ይናገራል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቀረ ግን አስምሮ ወደ ምሳው የሄደ ሰው አለ ማለት ነው። በጥብቄ ቡድን ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር የተገኘበት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲሰደብ ይሰነብታል።

የሦስተኛው መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ወይ አንቺ!" አለች ለዳዶዋ። መፍቻውን መቼ እንዳነሳች አታውቅም። በግራ እጇ ያዘችው፣ በደረቷ ተደገፈችው፣ ታማሚውን ትከሻ ሳይቀር ጨምራ ገፋች። ትከሻዋ እሳት ሆነ። ዳዶዋ እየተንገራገጨች ዞረች። ሲሶ። መስመሩ ተሰበረ። ጥብቄ መፍቻውን ወደ ቦታው መለሰች፣ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ወደ አራተኛው አለፈች። ፈታኙ ቀና ብለው አይተዋት መልሰው አቀረቀሩ።

ስትወጣ ፊቷ በርቷል። አግዳሚው ላይ ሎጋው ተራውን ይጠብቃል።

"እንዴት ነበር እትዬ?"

"ቀላል ነው። ዓይንህን ብቻ ክፈት።"

በሩ ተዘግቶ ሳለ ከውስጥ ድምፅ መጣ። ብረት ከብረት ጋር ሲንገራገጭ፣ ከዚያ ድንገት ሲለቅ። የተቀመጡት ሁሉ ሰምተውታል፤ ምን እንደሆነ ያወቀችው ግን እሷ ናት። ከሕፃን ለቅሶ የበለጠ የምታውቀው ድምፅ ነው።

"ምን እየሠሩ ነው?" አለ ሎጋው።

"እየፈቱ ነው።"

"ምኑን?"

ጥብቄ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። አዲስ ተፈታኝ ከመግባቱ በፊት ጉድለቱን ወደነበረበት እየመለሱት ነበር። ሐ፣ ሳይነካ መዝግቦ ያሳውቃል። ልጇ ያነበበችላት፣ ወረቀት ላይ ሳትሳሳት ያከበበችው። እንጀራዋን ያሳጣት የማታውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።

ሁሉም ከተፈተኑ በኋላ ፈታኙ አስጠሯት። ወንበር ስበው አስቀመጧት።

"እህቴ፣ ያቺን ዳዶ ለምን አጠበቋት?"

"ላልታ ነበራ!"

"መላላቷን የት ጻፉት?"

"ምኑ ይጻፋል? ጠበቀች እኮ።"

"አዎ፣ ጠበቀች" አሉ ቀስ ብለው። "ታዲያ አሁን ላልታ እንደነበር የሚያውቀው ማነው? ሳያጠብቃት የሄደው ሰው አንዷን ከዘለለ ሌላም ዘሏል። የት የት እንደዘለለ ሳይፈተሽ ሕንፃው ይቆማል። እርስዎ አንድ ብሎን አጥብቀው የቀረውን ሸፈኑለት።"

ሸፈኑለት። በዕድሜዋ ብዙ ተብላለች፤ እንዲህ ግን ተብላ አታውቅም። ልቅ ዳዶ አይታ ማለፍ ስለማትችል ስንት ጊዜ ከምሳ ቀርታለች፣ ስንት ጊዜ ከወረደችበት ተመልሳ ወጥታለች። ሰውዬው እንዲቆጧት ፈለገች፤ ቢቆጧት ትመልስላቸው ነበር። እሳቸው ግን ያሳዘነቻቸው መሰለ። ልክ እንደሆኑ ደግሞ ገብቷታል፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

"በሚቀጥለው ዙር ይመለሱ" አሏት።

ሎጋው አለፈ። መስመሩን አይቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጽፎ ወጣ። አዲሱ ሕንፃ የሚቀጥለውን ዙር የሚጠብቅ አልነበረምና ቦታውን ለሱ ሰጡት። ሊነግራት ቤቷ ድረስ መጣ፤ በራፉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ይቅር በይኝ" አላት። "ምን አደረግህና? ግባ፣ ራስህን እንዳትመታ" አለችው።

ባሏ ነገሩን ሲሰማ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!" አለ። ልጇ አልሳቀችም። አባቷን ያየችው አስተያየት ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ እንዲያዳምጥ አደረገው። ቀጣዩ ዙር ሲደርስም ልጅቷ ናት የወተወተቻት። ከማሠልጠኛው ስልክ ተደወለ፣ ተመዝገቢ ተባለች።

"ሁሉንም ታውቂዋለሽ እኮ እማዬ። አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመንካት!"

"እጄንስ የት ትቼው ልሂድ?"

"ኪስሽ ውስጥ ክተቺው!"

"አይገባም" አለችና ልብሱን ማስጣት ቀጠለች። አልሄደችም። ልጅቷ ለሦስት ቀን አኮረፈቻት፣ ከዚያ ተወችው።

አሁን ጥብቄ ከሰፈሯ ብዙ በማይርቅ በርና መስኮት በሚሠራ ብየዳ ቤት ውስጥ ናት። ተበይዶ የወጣውን በሽቦ ብሩሽ ታጸዳለች፣ በግራ እጇ ጸረ ዝገት ቀለም ትቀባለች። እዚያ በስሟ ነው የሚጠሯት። ሁሉም ነገር በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ብሎን የለም።