ከበርበሬ ዱቄት የምታንስ ክትባት

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ሴሚስተር መምህራችን ገለጻ እንድናዘጋጅ ሲያዙን፣ እኔ ከሁሉም የከበደውን ርዕስ መረጥኩ፦ የቆዳ ካንሰርን ለማከም ከናኖ ቅንጣት ስለሚሠራ ክትባት። መምህሩን ለማስደሰት ነበር፤ አልዋሽም። ለእረፍት ቡታጅራ ስመለስ ልምምዴን ሊያዳምጡልኝ የፈቀዱት በርበሬ ነጋዴው አጎቴ ብቻ ነበሩ።

ሱቃቸው ውስጥ በጆንያዎቹ መሐል ቆሜ ጀመርኩ።

«ይህ ክትባት ለታመመ ሰው የሚሰጥ ነው። ቅንጣቷ የካንሰሩን ምልክት ተሸክማ ለሰውነታችን ተከላካዮች ታሳያለች። እነሱም ለይተው ያጠቁታል።»

«ቅንጣቷ ከበርበሬ ዱቄት ታንሳለች?»

«በጣም ታንሳለች፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ካላስነጠሰችን መግባቷን በምን እናውቃለን?»

ደንበኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ማስታወሻዬ ላይ «ማስነጠስ፦ መልስ ይፈለግለት» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥዬ፣ እንደ እኛ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሰዎች ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር እንደሚወጣ አነበብኩ። አጎቴ እግራቸውን ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ። የሰለቻቸው መስሎኝ አሳጠርኩላቸው።

በማግስቱ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ አፈሰስኩላቸው። ግራ እግራቸውን ቀና ሲያደርጉ ውስጥ እግራቸው ላይ ጠርዙ የተዛነፈ ጥቁር ምልክት አየሁ። ገለጻዬ ውስጥ ያለውን ሥዕል ይመስላል።

«ጋሼ፣ ሐኪም ይየው።»

«ክትባትሽ ሐኪም ቤት ገብቷል?»

«ገና ምርምር ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሲገባ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ማስታወሻዬን ፈለግኩ፤ በእጄ አልነበረም።

«ጆንያ ውስጥ አንድ የሻገተ በርበሬ ቢያዩ መድኃኒት እስኪመጣለት ይጠብቃሉ?»

እግራቸውን በፎጣ አደረቁ። «ያየሁ ዕለት አወጣዋለሁ» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ።

ሐኪሙ ናሙና ወስዶ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱን በጠበቅንባቸው ቀናት አጎቴ አንድም ቀን አልቀለዱብኝም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ገና ስላልተስፋፋ ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡት።

አሁን በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን ጆንያ ላይ ሰቅለው ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያወራሉ። «የእህቴ ልጅ ክትባቷ እስኪደርስ በቢላ አቆየችኝ!»

ወደ ወልቂጤ ስመለስ መኪናው ድረስ እያነከሱ ሸኙኝ። በመስኮቱ አጎንብሰው፣ «የማስነጠሷን ነገር መምህርሽን ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩላቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።