«ይበል!» የተባለለት ማሠራጫ

በዚያን ዕለት፣ አዲስ የዋይፋይ ማሠራጫ ሲሰቀል ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ የተገኙት ርእሰ መምህሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መሰላሉን የደገፈው ዘበኛ፣ ጣሪያው ላይ የወጣው የኮምፒዩተር መምህርና እኔን ከማስተምርበት ዋርካ ሥር ትተው የመጡት የቅኔ ተማሪዎቼ ነበሩ። በመጨረሻ እኔም ተከትያቸው መጣሁ።

ዘመኑ የገዥው ግንባር መንግሥት ማብቂያ፣ ቦታው ፍኖተ ሰላም ነው። የኮምፒዩተር መምህሩ ቡሬ ሳለሁ ቅኔ ያስተማርሁት ደቀ መዝሙሬ ነበር፤ የእርሱን ያህል ተስፋ የጣልሁበት አልነበረም። ትቶኝ ሄደ። አሁን ደግሞ የቀሩልኝን ተማሪዎች ወስዶ የቅኔ ጉባኤዬን ሊዘጋ መጣ ብዬ አሰብሁ።

የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ እስከዚያ ድረስ ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ አልፎ አያውቅም። አዲሱ ማሠራጫ ግን ከፍተኛ ኃይል ነበረው። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ይዘው በግቢው ዳር ወዳለው ዋርካ ሮጡ፤ ምልክቱ እዚያም ሞልቶ ባዩ ጊዜ በአንድ ድምፅ «ይበል!» አሉ። ይህ ለሰመረ ቅኔ የሚባል ቃል ነው፤ እኔ ከአፋቸው ከሰማሁት ቆይቷል።

ነገር ግን አንድም ገጽ አልከፈተላቸውም። በልቤ ደስ አለኝ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልሁት፣ ከመሰላሉ ሲወርድ።

«የኔታ፣ የማሠራጫው ድምፅ ለስልካቸው ይሰማል። ስልኩ ግን አቅሙ ደካማ ነው፤ መልሱ እዚህ አይደርስም።»

«መልስ የማይሰማ መምህር ከሆነ መጮኹ ለምኑ ነው?»

ዘበኛው «አቤት! የኔታ ወጉት!» ብሎ ሳቀ።

የኮምፒዩተር መምህሩ ግን እጅ ነሥቶ፣ «እርስዎስ ቡሬ ሳለን፣ ድምፀ ቀጭን ደቀ መዝሙር ሲገጥምዎ ጠጋ ብለው ይሰሙት አልነበር?» አለኝ። ድምፀ ቀጭኑ ራሱ ነበር።

በማግሥቱ ገመድ ስቦ ሁለተኛ ማሠራጫ ከዋርካው አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ ሰቀለ፤ ያን ጊዜ ገጹ ሁሉ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ለቅኔ ስመጣ ከጥላው ሥር መቀመጫ ጠፍቶ ነበር፤ ሁሉም ግን ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ቅኔውን የሚነግረኝ አጥቼ ልነሣ ስል፣ የኮምፒዩተር መምህሩ ከፊቴ ቆመና ራሱ የቈጠረውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ይነግረኝ ጀመር። ሰምሮለታል። ያን ሁሉ ዓመት የሚያርመው ሳይኖር ቅኔውን ጠብቆ ማኖሩ፣ ዋይፋዩን ከማምጣቱ ይልቅ አስቀናኝ። «ይበል» ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «እስቲ እንደገና ንገረኝ» አልሁት፤ ድምፁ ዛሬም ቀጭን ነበርና ጠጋ ብዬ ሰማሁት። ያን ያህል ሰው በሞላበት ጥላ፣ ለቅኔው የቀረነው ሁለት ነበርን።