ምንም የማያጥር ካብ

አየርላንድ የሄድኩት ልጄን ጡት ባስጣልኩ ሰሞን ነው። ዛሬም ያንን ጉዞ ሳስብ ከግንቡም ከሐይቁም በፊት ትዝ የሚለኝ ጡቴን ይጠዘጥዘኝ የነበረው ሕመም ነው።

ያኔ ወልድያ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት እሠራ ነበር። በሀብሩ ገጠር ፍየል የተሰጣቸውን ሴቶች እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አስተረጉማለሁ። ሴፍቲኔት የተጀመረበት፣ ሞባይል ከተማችን ቢገባም ግማሹን ቀን የማይሠራበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ኃላፊዬ ጠርቶ አየርላንድ ውስጥ ለለጋሾች የራት ግብዣ እንደተዘጋጀ፣ እርዳታ ካገኙት ሴቶች አንዷ ሄዳ ስለ ኑሮዋ እንድትናገር እንደተፈለገ፣ እኔም አስተርጓሚ ሆኜ እንደምሄድ ነገረኝ።

የተመረጡት ከግራና ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ረጅም ናቸው፣ ሲናገሩ ሰውን ትክ ብለው ያያሉ። እኔ እማማ እላቸው ነበር።

ከቤት ስወጣ ልጄ ታስል ነበር። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። እናቴ ልጅቷን አዝላ በር ላይ ቆመችና «ጉንፋን ነው፣ ምን ያስፈራሻል? ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ግን አውቶቡሱ ሲሪንቃን ሳያልፍ ልቤ ተመልሶ ወርዶ ነበር።

ያረፍንበት ቤት ትልቅ ሐይቅ ዳር የቆመ፣ ከድንጋይ የተሠራ የጥንት ግንብ ነው። ማማው ላይ ሐረግ ወጥቶበታል፤ ዙሪያው ዓይን እስኪደክም ሣር ነው። መኪናው በረጃጅም ዛፎች መሀል ሲገባ እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምንድን ነው ይሄ፣ ወህኒ ቤት ነው?» አሉኝ።

በር ላይ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ የለበሰችና የጎማ ቦቲ ያደረገች ሽማግሌ ሴት ተቀበለችን። ሠራተኛ መስላኝ ሻንጣዬን ልሰጣት ስል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ያመጣን የድርጅቱ ወጣት የቤቱ ባለቤት እሷ መሆኗን ነገረኝ። ቦታው ከባሏ አያቶች የወረደ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ትኖርበታለች። ሰው ቢበዛበት ደስ እንደሚላት ከፊቷ ያስታውቃል።

ለየራሳችን ክፍል ተሰጠን። እማማ ግን ወዲያው ነጠላቸውንና ሻንጣቸውን ይዘው እኔ ክፍል መጡ። «በዚህ ሜዳ በሚያክል ቤት ብቻዬን ልተኛ? አላደርገውም» አሉና አንደኛው ጥግ ላይ ምንጣፍ አነጠፉ። ቀጥሎ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። እኛ ዘንድ ወደ ሰሜን ነው የሚሰገደው፤ እዚያ ግን ሁሉ ነገር ዞሮብኛል። ለባለቤቲቱ ስነግራት የሟች ባሏን ኮምፓስ ከመሳቢያ አወጣች፣ መስኮቱ ጋ ቆመችና በእጇ ወደ ሐይቁ አመለከተች። እማማም ሐይቁን አይተው «ከሐይቅ ከተማው ሐይቅ ይሰፋል። ግን ዝም ይላል፣ አልወደድኩትም» አሉ።

ምግቡም አስቸጋሪ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ እኔ እንቁላልም ወተትም አልነካም። እማማ ደግሞ ሙስሊም ያላረደውን ሥጋ አይበሉም። ለግብዣው የመጣችው ወጥ ቤት አንድ ቀን ተጨነቀች፣ በማግስቱ ተስፋ ቆረጠችና ቁርስም ምሳም ድንች ታቀርብልን ጀመር። ባለቤቲቱ ሳህናችንን እያየች «እኛ ድንች ጠፍቶ በረሃብ ያለቅንበት አገር መጥታችሁ ድንች ብቻ በላችሁ» አለችኝ። ያኔ ነገሩ በደንብ አልገባኝም።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። መተላለፊያው ላይ ባለው ስልክ ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋ ስደውል፣ ያቺ የምናውቃት የሴት ድምፅ ደንበኛው ሊገኙ አይችሉም ትለኛለች። ወጥቼ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እደውላለሁ። ሜዳው ላይ ግልገሎች እናቶቻቸውን ሲጣሩ በሰማሁ ቁጥር ጡቴ ይወጥረኛል። እማማ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ ስገባ ተቆጡኝ።

«ተቀመጪ እንጂ! ገመድ እንደተጠመጠመባት ጥጃ ምን ያሽከረክርሻል?»

«ልጄ ስታስል ነው ጥያት የመጣሁት፣ እማማ።»

 ቦታ ለቀቁልኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ግን አልቆየሁም።

የድርጅቱም ወጣት ሰላም አልሰጠኝም። ለብቻዬ ጠርቶ «ግብዣው ላይ በሰባ ሰባት ስለደረሰባቸው ስለዚያ ትልቅ ረሃብ እንዲናገሩ አድርጊ። የሰውን ልብ የሚነካው እሱ ነው» አለኝ። ለእማማ ስነግራቸው ተነስተው ሊሰግዱ ሄዱ።

ከግብዣው በፊት ባለው ቀን ባለቤቲቱ ቦታውን ልታሳየን ይዛን ወጣች። ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ አንድ ረጅም የድንጋይ ካብ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ያልቃል። እማማ ካቡን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት። እሳቸውም በቀበሌያቸው የእርከን ሥራ ስንት ዓመት ድንጋይ የተሸከሙ ናቸው።

«ከብት ነው የሚከለክለው?» አሉኝ።

ጠየቅኳት። «ምንም አይከለክልም። ድሮ ድንቹ መሬት ውስጥ በስብሶ ሕዝቡ ሲራብ፣ እህል ለማግኘት ሲሉ የካቡት ነው። በነጻ ቢሰጣቸው ይሰንፋሉ ተብሎ» አለች።

እማማ ሳቁ። «ለኛም እንደዚሁ ነው የሚሉን!» ሳቃቸው ግን ወዲያው ጠፋ። ዞር ብለው ግንቡን አዩት። «ቤቱ ያኔ ነበረ? ጠይቂያት። እነዚህ ድንጋይ ሲሸከሙ፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ይበሉ ነበር?»

ይህን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ሴትዮዋ አሳድራናለች፣ ምንጣፍ ሰጥታናለች፣ የስልክ ሂሳቧን አብዝቼባታለሁ። ባለቤቲቱ ከእማማ ወደ እኔ እያየች «ምን አሉ?» አለችኝ። እማማም ዓይናቸውን አልነቀሉልኝም። እንዳለ ተረጎምኩት።

 ንፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ በተነባት። «አዎ፣ ይበሉ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የባሌ ሰዎች ናቸው። እኔ እዚህ ተሞሽሬ ስመጣ ማንም አያወራውም ነበር።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ነው፣ አልዋሸችም» አሉኝ። ስንመለስ መሬቱ ያዳልጥ ስለነበር የሴትዮዋን ክንድ ያዙ፤ ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ከፊቴ ሄዱ።

በግብዣው ማምሻ አዳራሹ በሰው ሞላ። እማማ አረንጓዴ ሻሻቸውን አስረው ቆሙና ስለ ፍየሎቻቸው ተናገሩ፦ የትኛዋ መንታ እንደወለደች፣ የትኛዋ የጎረቤት ጎመን በልታ እንዳጣላቻቸው። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ አንድ ሰውዬ በትህትና ተነስቶ ያንን ክፉ ጊዜ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቀ። ወጣቱ ከወንበሩ ላይ ቀና ሲል አየሁት።

«አስታውሳለሁ» አሉ እማማ። «ግን የሞቱት ልጆቼ ናቸው። ሰው እየበላ አላወራቸውም። መስማት የፈለገ ጠዋት ይምጣ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሹካዎች ቆሙ። ሰውዬው አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀ። ወጣቱ በኋላ መተላለፊያው ላይ ሲያገኘኝ ተናዶ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ አለፈኝ።

ጠዋት የመጣችው ባለቤቲቱ ብቻ ናት። ሐይቁ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። እማማ ባጭሩ ነገሯት። ትልቋ እቤት ሞተች። ትንሹን አዝለው እህል ይሰጣል ወደተባለበት ወደ መርሳ ወረዱ። መንገድ ላይ ያለቅስ ነበር፤ ከዚያ ማልቀሱን ተወ። ተኝቷል ብለው ደስ አላቸው። እንዳይቀሰቅሱት ቀስ እያሉ ሄዱ። መርሳ ደርሰው ሲያወርዱት ነው ያወቁት።

እዚህ ጋ ስደርስ እንባዬ ቀደመኝ። ባለቤቲቱ ትጠብቀኛለች። እማማ እጄን ያዙ።

«አብሽሪ። የኔን ንገሪያት እንጂ ያንቺን አትቀላቅዪበት። ያንቺ በአላህ ፈቃድ ደህና ናት።»

እንባዬን ጠርጌ ጨረስኩት።  ባለቤቲቱ ተነሳችና «ነይ፣ አሁን እንደውል» አለችኝ። ስልኩን ራሷ እየደጋገመች መታች፤ እኔ ጆሮዬን አላስጠጋም ብዬ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። ድንገት «ሃሎ!» የሚል የባለሱቁ ድምፅ መጣ። እናቴን እስኪጠራልኝ ድረስ አህያ ሲያናፋ፣ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ እሰማለሁ።

«ሳንባዋን መቷት ነበር» አለች እናቴ። «ሐኪም ቤት ወስጃት መርፌ ተወጋች። አሁንማ ሽሮ አምጡ እያለች ታስቸግራለች።»

«ለምን አላስነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? በባሕር ትሻገሪ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንመለስ እማማ መርሳ ወረዱ። ወንድ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው መናኸሪያው ላይ ይጠብቋቸው ነበር። በመስኮት እጃቸውን አስገብተው ጉንጬን ዳሰሱና «ሂጂ፣ ልጅሽ ጋ ድረሺ» አሉኝ። ሹፌሩ ግን ጆንያ ሊያስጭን ቆመ፣ ከረዳቱ ጋር ተከራከረ፣ ውሃ ጠጣ። ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስደርስ ልጄ እናቴ ጀርባ ላይ ነበረች። ከስታለች፣ ዓይኗ ጎልቷል። አየችኝና ፊቷን ደበቀች። እናቴ «እናትሽ ናት እኮ» ብላ አወረደቻት። ብስኩቱን ከእጄ ተቀብላ ተመልሳ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ለመስክ ሥራው ሌላ ሰው እንዲመደብ ጠየቅሁ። ኃላፊዬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ፈቀደልኝ። ልጄ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው።