በየጾሙ ያጠፋነው ጨዋታ

ብቸና ከባልንጀራዬ ጋር የከፈትናት የጽሕፈት ቤት አንዲት ኮምፒውተር ነበረቻት። ሆዷ እንዴት ይጠባል መሰላችሁ፤ የእኔ የሸሚዝ ኪስ ከእሷ የተሻለ ይይዛል። በዚያ ላይ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ጭነንባታል። ባልንጀራዬ እሽቅድድም ከጀመረ የቤቱ ቆርቆሮ ተነቅሎ ደጀን ቢያርፍ አይሰማም።

ስለዚህ ሥርዓት አወጣን፤ ጾም ሲገባ ጨዋታውን ማጥፋት፣ ሲፈታ ከሲዲው መልሶ መጫን። በዋዜማው ባልንጀራዬ እያዘነ ከስክሪኑ ላይ የመኪናዋን ሥዕል ያጠፋል፤ በቃ፣ ጾም ያዝን። ሲፈታ መልሶ ሊጭን ሲል ማሽኗ በድሮው ቦታ አልቀበልም ትለዋለች። እሱም አዲስ ፎልደር ከፍቶ «ፋሲካ» ይለዋል። ለፍልሰታም፣ ለገናም እንዲሁ። ያጠፋነው ሥዕሏን ብቻ እንደሆነ፣ ጨዋታው ራሱ ሆዷ ውስጥ እንደቀረ የገባን የዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው።

ያን ዕለት አንድ የሰፈራችን አባት የልጃቸውን የሰርግ ጥሪ ሊያሠሩ መጡ። ሙሽራው የሞጣ ልጅ ነው። ጥሪው በከሰዓቱ አውቶቡስ ካልሄደ ዘመዶቹ «ንቀውን ነው» ብለው እንደሚቀየሙ ነገሩኝ። አሳምሬ ጻፍኩት። ላስቀምጠው ስል ቦታ የለም አለችኝ። ብፈትሽ ያ ጨዋታ በየጾሙ ስም ተኮልኩሏል። አንዱን ሳጠፋ ሌላው «ሥራ ላይ ነኝ» እያለ እንቢ ይላል። ሥራ ላይ! እኔ ላብ በላብ ሆኜ እሱ ነው ሥራ ላይ ያለው? ተናደድኩና ስሙን የማላውቀውን ፋይል ሁሉ ጠራረግሁት። ቦታ ተገኘ። ጥሪውን አስቀምጬ መልሼ ስከፍተው ግን አማርኛው የለም። አማርኛ የሚያሳየውን የፊደል ፋይልም አብሬ ጠርጌዋለሁ። የሙሽሪት ስም የጥያቄ ምልክትና የላቲን ፊደል ሆኖ ተበትኗል።

አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ እኔ የምድራት ለሞጣ ሰው ነው። ይኼ ሰርግ የማን ነው?»

ጥሪውን በፍሎፒ ይዤ አብሬያቸው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ሞጣ እንደ እኛው የጽሕፈት ቤት ያለው ጓደኛዬ ያንኑ ፊደል ይጠቀማል። ከጉንደ ወይን በኋላ መንገዱ ሲያንገጫግጨን ፍሎፒውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጓደኛዬ ዘንድ አትመን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሙሽራው ቤት ገባን። የሙሽራው አባት ጥሪውን ተቀብለው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እንዲህ ነው እንጂ አክብሮት! ጸሐፊውን ጭምር ይዘውልን መጡ።»

የሙሽሪት አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ እንጂ አላስተባበሉም።

በማግስቱ ፊደሉን በፍሎፒ ይዤ ብቸና ተመለስኩ። ማሽኗን ስከፍታት፣ ከዚያ ሁሉ ጠረጋ በኋላ፣ ገና ከመነሳቷ የጨዋታውን ሲዲ አስገቡልኝ አለች።

ባልንጀራዬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ስጣት እንጂ» አለኝ፤ «ጾም እኮ ተፈቷል።»