ውሃ የፈራሁበት ሳምንት

የያዙኝ ንፋስ ስልክ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከጣሪያው ሥር። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

ሽንት ቤት የምንወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር። በመሃል ለሽንት የሚሆን ባልዲ ጥግ ላይ አለ፤ ለሌላው መታገስ ነው። እኔ ደግሞ አንጀቴ የቆሰለ ሰው ነኝ፤ ሲነሳብኝ በቀን አሥሬ ያስወጣኛል፣ ደምም አለው። አፈርኩ። ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ምግብ ቀነስኩ፣ ውሃማ ከነጭራሹ ተውኩ።

በሳምንቱ ግራ እግሬ አብጦ ሱሪዬ ጠበበኝ። ሽንቴም ጠቁሮ ጠብታ ሆነ። አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ በጦር ሠራዊት ድሬሰር ሆነው ቁስለኛ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። እግሬን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ውሃ መቼ ጠጣህ?»

«ጠዋት፣ ትንሽ።»

«ትዋሻለህ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ነገርኳቸው።

«ደምህ እግርህ ላይ ረግቶ እንዳይሆን እፈራለሁ። እንዲህ ከቀጠልክ ኩላሊትህም ይሄዳል። ሐኪም ቤት እስኪወስዱህ መጠጣት አለብህ» አሉኝና ሳያስፈቅዱኝ ለካቦው፣ ለክፍላችን አለቃ፣ ተናገሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ካቦው የታሰረው ከእኔ ድርጅት ጋር በሚጣላ በሌላ የፖለቲካ ድርጅት አባልነት ነው። እሱም እኔም ኮርተን ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ወዲያው ስብሰባ ጠራ፤ እስረኛ ስብሰባ አይሰለቸውም። ባልዲው ለእኔ በማንኛውም ሰዓት፣ ለሁሉም ነገር ይፈቀድ ወይ ተብሎ እጅ ወጣ። ካቦው ብቻ አላወጣም።

«እኔ እቃወማለሁ። የምንበላው እዚሁ ነው» አለ። «ግን በአብላጫ ድምፅ አልፏል።»

ከዚያ ተነስቶ የራሱን ጋቢ አነሳ፤ ባልዲው ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ጋቢውን እንደ መጋረጃ ያዘና ጀርባውን ሰጠኝ።

«ጠጣ» አለኝ፣ ሳይዞር።

ሁሉም እያየኝ አንድ ጣሳ ውሃ ጨለጥኩ።

ሐኪም ቤት የወሰዱኝ በአራተኛው ቀን ነው። እንዲህ ያለ የአንጀት በሽታ ራሱ ደም እንደሚያረጋ፣ ጥማቱ እንዳባሰው ዶክተሩ ነገረኝ። እግሬ ዳነ። ኩላሊቴ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን ይሠራል።

ካቦውና እኔ ዛሬም ብስራተ ገብርኤል እየተገናኘን በፖለቲካ እንጣላለን። አዲስ ካፌ ከገባን ግን፣ ገና ሳንቀመጥ፣ አስተናጋጇን ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠይቃት እሱ ነው።